የመዲና ፍልፈል

እህቴ እትዬ መዲና በሰኔ መግቢያ፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ወደ አኼራ ሄዱ። ቀብራቸውም በዚያው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ተፈጸመ። ከከላላና ከአቀስታ በእግርም በመኪናም የደረሳችሁልን፣ አላህ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። መንገድ ርቆባችሁ ወይም ወሬው ዘግይቶባችሁ ያልመጣችሁ ደግሞ፣ ይህን ስታነቡ እንደመጣችሁ እቆጥረዋለሁ።

እኔ ታናሽ ወንድማቸው ሰይድ ነኝ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በባጃጄ ነው። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከፈተና ወረቀት በቀር ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። ይህንንም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የምጽፈው ስለ እትዬ ሥራና ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ሁላችሁም ስለምታውቁት ብሳሳት ታርሙኛላችሁ። ነገር ግን አንድ የማታውቁት ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ስማቸውን ማንሣት አልችልም። እዚያ እስክደርስ ታገሡኝ።

እትዬ መዲና በአሥራ ስምንት ዓመት ይበልጡኛል። በልጅነታቸው ደሴ ሄደው አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር። አባታችን ቀድሞ አልፏል፤ እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር። ዘመዶች ተሰብስበው እኔን ማን እንደሚወስደኝ ሲመካከሩ እትዬ ከደሴ ደረሱ። ምክሩን ትንሽ ሰሙና «በሉ ይብቃ፤ ልጁ የእኔ ነው» ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ወደ ደሴ አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ለትዳር ሽማግሌ ልኮባቸው ነበር። እትዬ ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጁስ? ሽማግሌዎቹ ልጁ ለዘመድ ይሰጣል አሉ። እትዬም ምሳ አብልተው ሸኟቸው።

ከደሴ ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣና በሻርፓቸው ጫፍ የተቋጠረ ጥቁር ዘር ነበር። ዘሩ የባሮ ሽንኩርት ነው። ያን ጊዜ በሰፈራችን ቀይና ነጭ ሽንኩርት እንጂ ባሮን የሚያውቅ አልነበረም። ባሮ ራስ የለውም፤ የሚበላው ነጩና ረጅሙ አንገቱ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ተስፋዬ መጀመሪያ ያዩት ዕለት አገላብጠው ተመለከቱና፣ ይህ ሽንኩርት ራሱን የት ጥሎ መጣ ብለው ጠየቁ። እኔም ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ባሮ የሚባል ወንዝ መኖሩን የተማርኩ ቀን እየሮጥኩ መጥቼ፣ ሽንኩርታችን ከዚያ ወንዝ የመጣ ነው ወይ አልኳቸው።

«እኔ ከደሴ ነው ያመጣሁት» አሉኝ። «ከወንዙ ጋር ገና አልተዋወቅንም።»

ረመዳን ሲገባ የሰፈሩ የማፍጠሪያ ሾርባ ያለ እትዬ መዲና ባሮ አይሠራም ነበር። በዐቢይ ጾም ደግሞ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ምስር ውስጥ ይገባል። አራስ ወይም ታማሚ ያለበት ቤት ሲሰሙ ሦስት እግር ነቅለው፣ አጥበው፣ በር ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ለምን ገብተው አይሰጧቸውም ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ከገባሁ ያመሰግኑኛል። አንዴ ካመሰገኑኝ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሲቸግራቸው ለመጠየቅ ያፍራሉ» አሉ።

አሁን ነገሩ እንዲገባችሁ ችግኙን እንዴት እንደሚያዛውሩ ልንገራችሁ። ሳስባቸው ሁልጊዜ የሚመጡብኝም በዚያ ሥራ ላይ ሆነው ነው።

ዘሩን መጀመሪያ ጓሮ በተዘጋጀ መደብ ላይ ያፈሉታል። ችግኙ የእርሳስ ውፍረት ሲኖረው ወደሚያድግበት ቦታ ይዛወራል። በዋዜማው መደቡን ውሃ ያጠጡታል። ጠዋት ችግኙን በመኮትኮቻ ፈንቀል እያደረጉ አውጥተው አፈሩን ያራግፋሉ፤ የሥሩንና የቅጠሉን ጫፍ በመቀስ ይከረክሙታል። ከዚያ ሲባጎ ይወጥራሉ። ከተሰበረ የዶማ እጀታ በቀረጹት ሹል እንጨት በሲባጎው ልክ አንድ አንድ ስንዝር የሚጠልቅ ጉድጓድ እየወጉ ይሄዳሉ። በየጉድጓዱ አንድ ችግኝ ይጥላሉ፤ ብቅ የሚለው የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ነው።

ከዚያ አፈር አይመልሱም። አይረግጡም። ክዳኗ በጠፋ አሮጌ ኩስኩስት፣ በቀጭኗ አፍ፣ ጉድጓዱን ውሃ ይሞሉታል፤ በቃ። ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

«ውሃው የሚበቃውን ያህል አፈር ይዞለት ይገባል» ይሉ ነበር። «የቀረውን ዝናቡ ቀስ እያለ ይሞላዋል። አንገቱ የሚረዝመው ቦታ ሲያገኝ ነው።»

እኔ ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትምህርቴን አጠናለሁ። ደብተሬን ከእጄ አይወስዱም፤ ግን አንድ ጉድጓድ በወጉ ቁጥር እኔ ከደብተሬ አንድ ጥያቄ አንብቤ እመልሳለሁ። ለአንድ ጉድጓድ አንድ ጥያቄ። ካልመለስኩ እንጨቱን አየር ላይ ይዘው ይጠብቁኛል። ሳይንስ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ሥራው ሲቀላጠፍላቸው መንዙማ ያንጎራጉራሉ፤ ዜማው ላይ እያሉ ጥያቄዬን ከሳትኩ ግን ያቋርጡታል። እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። ትምህርት ቤት እንኳ አንድ ሰው ሽንኩርት ልጦ ከመጣ እሳቸው የመጡ ይመስለኝ ነበር።

በእኛ አገር ጎመንም ሆነ ቀይ ሽንኩርት የሚተክል ሰው ሥሩን አፈር አልብሶ ዙሪያውን በእጁ ጠበቅ ያደርጋል። አፈር ያልተመለሰበት ተክል ያላለቀ ሥራ ነው። ስለዚህ በአጥራችን በኩል የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያያል። ጋሽ ተስፋዬማ ቀልዳቸውን ከዓመት ዓመት አይለውጡም። «ሰይድ፣ እህትህ ዘንድሮም ጉድጓድ ተከለች? ስንት ኩንታል ጉድጓድ ትጠብቃላችሁ?» ይሉኛል። እትዬም ቀና ሳይሉ፣ ለወይዘሮ አስካለ አንድ ኩንታል ይደርሳቸዋል ይሏቸዋል። ወይዘሮ አስካለ የጋሽ ተስፋዬ ባለቤትና የእትዬ የቅርብ ጓደኛ ናቸው።

እትዬ ይስቃሉ። እኔ ግን አፍር ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል በደረስኩበት ዓመት ቀበሌው ከምንጩ በታች ያለውን ቁራሽ መሬት ለሰባት ሴቶች ሰጠ። አንድ ክረምት ሠርተው ካሳዩ መሬቱ ለዘለቄታው ሊሆንላቸው፣ ካልሆነ ሊመለስ ነበር። አብዛኞቹ ከደጃቸው በቀር መሬት የሌላቸው ናቸው። ሰብሳቢያቸው እትዬ መዲና ሲሆኑ፣ አብረዋቸው ቀበሌ ሲመላለሱ የከረሙት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ባሮ ዘር የሚሰጠው በሁለተኛው ዓመቱ ስለሆነ፣ ለዚያ ሁሉ መሬት የሚበቃ ዘር ለማግኘት እትዬ አስቀድመው ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ለጓሯችን እንኳ ሳያስቀሩ ዘሩን በሙሉ ለማሳው ያፈሉት እሳቸው ነበሩ።

በሰኔ ሰባቱ ሴቶች በሁለት ቀን ተክለው ጨረሱ። ኩስኩስቷ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ዋለች። ወይዘሮ አስካለ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና «ባሌ ሲያሾፍ ኖሮ፣ ይኸው እኔንም ጉድጓድ ተካይ አደረግሽኝ» አሏቸው። ያን ቀን የነበረውን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

በማግስቱ አቀስታ ያለችው አክስታችን መሞቷ ተሰማና እትዬ ለሦስት ቀን ለቅሶ ሄዱ። ሲወጡ «ማሳውን ጠብቅ፤ ከብት እንዳይገባ ነው። ሌላ ምንም አትንካ» አሉኝ።

ሌላ ምንም አትንካ ብለውኛል። ይህን የምጽፈው ሰበብ እንዳይኖረኝ ነው።

በሁለተኛው ቀን ገበያ ነበር። ከከላላ በኩል የሚመጣው ገበያተኛ በምንጩ ያልፋል። አንድ የማላውቀው ሰውዬ በቅሎውን አቁሞ ማሳውን አየና፣ ባለቤቱ ሥራውን ሳይጨርስ ሞተ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የክፍሌ ልጆች አብረው ቆመው ነበር፤ ሳቁ። ሰውዬው ሲሄድም ሳቃቸው አላቆመም። ቀና ብዬ ማሳውን ሳየው እኔም እንደ እነሱ አየሁት። እንደ ወንፊት የተበሳሳ መሬት።

ገበያው ሲበተን ሁሉንም ደፈንኩት። በእጄ አፈሩን እየመለስኩ፣ በተረከዜ እየረገጥኩ። አንድም አላስቀረሁም። ስሠራ ደስ ይለኝ ነበር። እትዬ ሲመጡ የሚመርቁኝ መስሎኝ ነበር እላለሁ፤ እሱም ውሸት አይደለም፤ ግን የሠራሁት አፍሬ ነው። መሬቱ ዋልካ፣ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ነው። ወዲያው ዝናብ ጣለ፤ በማግስቱም ደገመ። የተረገጠ ዋልካ ዝናብ ሲመታው ታሽጎ ውሃ እንደሚያቁር ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

እትዬ ከአቀስታ ሲመለሱ ቤት ሳይገቡ ነው ወደ ማሳው የመጡት። ተንበርክከው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባላቸውም።

«ማን መከረህ?»

ማንም አልኳቸው።

«ሳቁብህ?»

እትዬ ግን አልተቆጡም። የለቅሶ ልብሳቸውን እንደለበሱ በጣታቸው መቆፈር ጀመሩ፤ እኔም ተከተልኩ። ጥቂት መስመር አስተነፈስን። ጥፍራቸው ደማ። ነገር ግን ጭቃ ልቡ ውስጥ የገባ ችግኝ አይድንም። በሳምንቱ ቢጫ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ሲስቡት አንገቱ እጅ ላይ ይቀር ነበር፤ በስብሷል።

የቀበሌው ሰው ሊያይ የሚመጣበት ቀን ደርሶ ሴቶቹ ማሳው ላይ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ አስካለ አንዱን መዝዘው አሸተቱት። «ምን ነካው፣ መዲና?» አሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። አፌን ልከፍት ነበር። ልከፍት ነበር ነው የምላችሁ፤ እከፍተው እንደነበር ግን አላውቅም። እትዬ ቀደሙኝ።

«ፍልፈል ገባበት» አሉ።

ፍልፈል መሬት ውስጥ ለውስጥ እየቆፈረ ሥር የሚበላ አውሬ ነው። በእኛ አገር ያላስለቀሰው ጓሮ የለም። ነገር ግን ፍልፈል ሥሩን በልቶ ተክሉን ወደ ታች ይስበዋል እንጂ አያበሰብሰውም። ወይዘሮ አስካለ ይህን ያውቃሉ። እትዬን ትክ ብለው አዩዋቸውና «ወላሂ በይ» አሏቸው። ወይዘሮ አስካለ ማርያምን ከአፋቸው የማይለዩ ክርስቲያን ናቸው፤ ነገር ግን ወሎ ውስጥ ሰው ሲጠረጠር የሚባለው ይኸው ነው።

እትዬ በገበያ እንኳ የሁለት ሰው ክርክር ሲነሣ «መዲና ካለች ነው» የሚባልላቸው ነበሩ። አንድ ወላሂ ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላሉም። «ያልኩሽ ይበቃል፣ አስካለ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ያን ጊዜ ሁሉም የገባው መሰለው። መዲና ክፍት ጉድጓድ አስተክላን አበሰበሰችው፤ አሁን በፍልፈል ታሳብባለች፤ እውነት ቢሆንማ ትምል ነበር። ጋሽ ተስፋዬ ባለቤታቸው ስላዘኑ ሁለት ቀን ሙሉ ሲቆፍሩ ሰንብተው አንድ ፍልፈል ገደሉና ማሳው ዳር እንጨት ላይ ሰቀሉት። የያዙት ከምንጩ ማዶ እንደሆነ አይቻለሁ። ያ ፍልፈል የተሰቀለው በእኔ ፈንታ ነው።

መሬቱ ተመለሰ። ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው። እትዬ ሦስት ቀን ጾሙ፤ ወሩ ረመዳን አልነበረም። ለምን እንደጾሙ አልጠየቅኳቸውም፤ ለዚያች ውሸት መሆኑ ገብቶኝ ነበር።

የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ተማሪ አርፍዶ መጥቶ መንገዱ ጭቃ ነው ሲል፣ ልብስ ሰፊ ቀጠሮ አሳልፎ መብራት ጠፍቶ ነው ሲል፣ «የመዲና ፍልፈል» ይባላል። ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ተሳፋሪዎች ለእኔው ብለውኛል። ጎማ ተንፍሶብኝ ነው ስል «ይህማ የመዲና ፍልፈል ነው» ይሉኛል፤ ወንድማቸው መሆኔን አያውቁም። መዲና ሰው ትሁን አገር የማያውቁም አሉ። አንድ ቀን ገበያ ላይ እትዬ ራሳቸው ሰሙት። ሁለት ሴቶች በዋጋ ሲከራከሩ አንዷ ለሌላዋ ስትላት ነው። አብሬያቸው ነበርኩ። ባሯቸውን በእስር በእስር እያስተካከሉ «ይህ ፍልፈል ከእኔ በላይ ሊኖር ነው» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ግን አልተናገርኩም።

ከማሳው ዘጠኝ እግር ብቻ ተርፎ ነበር። እትዬ ከነአፈሩ አንሥተው ጓሯችን ተከሉትና እንደገና ሁለት ዓመት ጠበቁ። አበባው እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ወጣ፤ ንብ ሞላው። ዘሩን ለቅመው ችግኝ ሲያፈሉ መጀመሪያ የሰጡት ለወይዘሮ አስካለ ነው። ወይዘሮ አስካለ እቅፋቸውን ዘርግተው ተቀበሉና «ፍልፈሉንም ጨምረሽ ሰጠሽኝ?» አሏቸው።

«እሱ ለብቻው ነው የሚሸጠው» አሉ እትዬ።

ዛሬ በከተማችን በመካነ ሰላም ዙሪያ በየጓሮው የምታዩት ባሮ ከእነዚያ ዘጠኝ እግሮች የወጣ ነው። ችግኝ ሊወስድ የመጣን ሰው ባዶ እጁን አልመለሱም። ሰጥተውም አይለቁትም፤ ሁለት ጉድጓድ በፊታቸው አስወግተው፣ ውሃ አስሞልተው፣ እጁን ሰብስቦ እንዲቆም ያደርጉታል። «አሁን ምንም አታድርግ» ይሉታል። «ከባዱ ሥራ ይሄ ነው።»

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ደሴ ተመላለስን። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ቤት ቢሆኑ ይሻላል አሉን። አልጋቸውን ጓሮው ወደሚታይበት በር አዞርኩላቸው። የዘንድሮው ችግኝ መደቡ ላይ ነበር። በየቀኑ ውፍረቱን ይጠይቁኛል፤ እርሳስ ደርሷል ወይ? ገና የክብሪት እንጨት ነው እላቸዋለሁ። ይቆጡኛል፤ ውሃ የቀነስኩባቸው ይመስላቸዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደፈርኩ። ለሰው ልናገር፣ ይፍቀዱልኝ አልኳቸው። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

«እኔ እያለሁ አይሆንም» አሉ። «አንተ ያኔ እናት አባት የሌለህ ተማሪ ነበርክ። የስድስት ቤት ሰው ቢቀየምህ በየት በኩል ታልፋለህ? ስምህ ገና ችግኝ ነበር። የእኔ ሥር ሰዷል፤ ቢረግጡትም አይሞትም ብዬ ነው።»

አሁን እኮ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ አልኳቸው።

«አሁን ብትናገር ሰዉ እኔን ሊያመሰግን ይመጣል። ታምሜ ምስጋና አልችልም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ካለፍኩ በኋላ ያንተ ጉዳይ ነው። ብቻ ስትናገር አታልቅስ። ስታለቅስ የምትለው አይሰማም።»

ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፉ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ የሰፈራችን ዕድር፣ ቅሬው፣ በጣለው ድንኳን ተቀምጧል። ስኳር እንዲያመጣ የተላከ አንድ ወጣት ዘግይቶ መጣና ሱቁ ተዘግቶ ነው አለ። ጓደኛው «ተወን፣ የመዲና ፍልፈል ነው» አለው። አምልጦት ነው፤ ክፋት የለበትም። የማን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ ትዝ ሲለው ፊቱ ተለወጠ። ከዳር በኩል ግን አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ።

ተነሣሁ። አላለቀስኩም። ፍልፈል አልነበረም አልኩ። ጉድጓዶቹን የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ አትንካ ብለውኝ ነበር፤ አፍሬ ነው የነካሁት አልኩ። ፍልፈሉ የመዲና ሳይሆን የሰይድ ነው አልኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ተስፋዬ ናቸው። «ያን ፍልፈል እኮ እንጨት ላይ ሰቅዬዋለሁ» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ማንም አልሳቀም።

ወይዘሮ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ፊቴ መጥተው ቆሙ።

«ወላሂ በይ ስላት እምቢ ያለችኝ ለዚህ ነው?»

አዎ አልኳቸው።

«እኔ ደግሞ ስትዋሽ የያዝኳት መስሎኝ ስምንት ዓመት ሙሉ...» አልጨረሱትም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አንተስ? ስምንት ዓመት አፍህ የት ነበር?»

እትዬ ከልክለውኝ ነው እንዳልል፣ ፈቃድ የጠየቅኳቸው ሊያልፉ አሥራ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ዝምታ በሙሉ የእኔ ነው።

በማግስቱ ወይዘሮ አስካለ ጠሩኝ። ድንኳን የመጣው ሰምቷል፤ ያልመጣው አልሰማም አሉኝ። «ቃሉ ግን የትም ደርሷል። አንተም ጻፈው፤ እሱ በደረሰበት ይድረስ።» ለዚህ ነው የጻፍኩት። በአርባኛው ቀን ሰደቃ ላይ ይነበባል፤ በስልክም ለየአገሩ ይላካል።

ችግኙ በዚያ መካከል እርሳስ ማለፉን ያየ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ጠዋት ከሰባቱ ሴቶች ዛሬም እዚሁ ያሉት አራቱ ጓሯችን ገቡ። የጠራቸው የለም። ወይዘሮ አስካለ እየወጉ፣ እኔ ችግኙን እየጣልኩ፣ ሌሎቹ እየከረከሙ ሠራን። ኩስኩስቷን የያዙት ጋሽ ተስፋዬ ነበሩ። ውሃውን እያበዙ ሱሪያቸውን ስላረጠቡ ሴቶቹ ሁለት ጊዜ ተቆጥተዋቸዋል። አንድ መንገደኛ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ አፈሩን አትመልሱም እንዴ አለን። ጋሽ ተስፋዬ ቀና ሳይሉ «መንገድህን ሂድ፤ የማታውቀውን አታውራ» አሉት። ሴቶቹ ተያይተው ሳቁ። እኔ ግን ቀና ብዬ በሩን አየሁ፤ አልጋው ተነሥቷል።

እናንተ መሬቱን ያጣችሁ ሴቶች፣ ይቅርታ የምጠይቀው እናንተን ነው። የእትዬን ይቅርታ የዚያኑ ቀን ማሳው ላይ ተቀብያለሁ፤ የእናንተን ሳልጠይቅ ስምንት ዓመት በፊታችሁ ተመላለስኩ። ባሕር ዛፉን ነቅዬ መሬቱን ልመልስላችሁ አልችልም። የእኛ ጓሮ ግን አለ፤ ዘሩም አለ። ከዛሬ ጀምሮ አጥሩ ለእናንተ በር ነው።

ሌሎቻችሁን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። በድንኳኑ ያልኩትን እዚህም እደግመዋለሁ። ቃሉን ተዉት አልልም፤ ከአፍ የወጣ አይመለስም፤ ሰበበኛ ሰውም ከአገራችን አይጠፋም፤ መጠሪያ ያስፈልገዋል። ስሙን ግን ለውጡት። «የሰይድ ፍልፈል» በሉ። ለአፍም አይከብድም።

እትዬ፣ እንግዲህ ልሸኝዎ። እናት ሆነው አሳድገውኛል፤ አንድ ቀን እንኳ እናቴ ብዬ አልጠራሁዎትም፤ እትዬ ስል ሁሉንም ያልኩ ይመስለኝ ነበር። እንዳዘዙኝ ሳላለቅስ ተናግሬያለሁ። ይህን ስጽፍ ግን አልቅሻለሁ፤ ወረቀት ስለሆነ ይሰማል ብዬ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት ጤና ጣቢያ ላደርሳቸው ቀጥረውኝ አረፈድኩ። ባጃጄ አልነሣ ብላኝ ነው ብል፣ ገና እየተሳፈሩ «ይህ የሰይድ ፍልፈል ነው» አሉኝ። ሰይድ እኔ መሆኔን አላወቁም። አዎ፣ የእሱ ነው አልኳቸው። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፣ ያብራልዎ። በሰላም ይረፉ፣ እትዬ፤ ስምዎ ከእንግዲህ ለብቻው ነው የሚጠራው።